ከክቡ ውጭ የቀረው ልጅ፦ የኦቲዝምና የቡድን ጨዋታ ታሪክ ከመርሳ ሜዳ ሲታይ

(ወልድያ ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መርሐ ግብር የቀረበ ገለጻ፣ ሙሉ ቃል)



እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ስለዚህ የማቀርብላችሁ የሕክምና ምክር ሳይሆን የአንድ ሐሳብ ታሪክ ነው። ሐሳቡም፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሰው ጋር የመኖርን ክህሎት ከእኩዮቻቸው ጋር በሚያደርጉት የቡድን ጨዋታ ሊያዳብሩ ይችላሉ የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ከመምጣቱ በፊት ስለ እነዚህ ልጆችና ስለ ጨዋታ ምን ይታሰብ ነበር? ለእኛ ለሰሜን ወሎዎችስ ምን ይነግረናል? የዛሬው ጉዳዬ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

ታሪክን ከሩቅ ከመጀመሬ በፊት ከቅርብ ልጀምር።

ተወልጄ ያደግሁት በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በመርሳ ነው። በሰፈራችን ከሌሎቻችን ጋር የማይጫወት አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። እርሱ የሚወደው ቆርኪ ነበር። ከየሻይ ቤቱ ደጃፍ የለቀመውን ቆርኪ በግድግዳ ሥር በአንድ መስመር ይደረድራል፤ ደርድሮ ሲጨርስም በደረቱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን ያያል። እኛ ሮጠን ስናልፍ በእግራችን እንበትንበት ነበር። ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ እኛ እንስቃለን። እናቱ አንድ ጊዜ ጠበል፣ ሌላ ጊዜ ሼሁ ዘንድ ይዛው ትሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ በወሎ የጨነቀው ሰው የሃይማኖት አጥር አይቆጥርም። ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል።

ይህ ልጅ ከእኛ ጋር የሚሆነው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በ«መሐረቤን ያያችሁ»። ያስገባችውም ታላቅ እህቱ ናት። ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ከጎኑ ትቀመጣለች። መሐረቡ ከኋላው ሲወድቅ ትከሻውን በጣቷ ነካ ታደርገዋለች። ይነሣል፣ አንድ ዙር ይሮጣል፣ ወደዚያችው ወደ ቦታው ይመለሳል። የእርሱን ቦታ ማንም አይዝም፤ መሐረቡን የጣለው ልጅ ሌላ ዙር ይዞራል። ይህ የእርሷ ሕግ ነበር፤ እኛም ሳንከራከር ተቀብለነው ነበር። በኋላ እህቱ እንደ ብዙዎቹ የሀብሩ ሴቶች ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ማንም ልጁን «ውጣ» አላለውም። ትከሻውን የሚነካ ግን ጠፋ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ ግድግዳው ሥር ተመለሰ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ያ ልጅ ኦቲዝም ነበረበት ብዬ ልፈርድ አልችልም። የታሪክ ሙያ ያለ ማስረጃ ያለፈውን ሰው እንዳንመረምር ያስገድደናል። ነገር ግን ታሪኩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እህቱ ታውቀው የነበረውን ነገር ለመድረስ የዓለም ምሁራን ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

፩. ጨዋታ እንደ ጉድለት

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ለይቼ እገልጻለሁ።

«ኦቲዝም» የሚለው ቃል በ1911 በስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም በኦይገን ብሎይለር ሲወጣ የልጆች ጉዳይ አልነበረም። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው አዋቂዎች ወደ ውስጣቸው የሚሸሹበትን ሁኔታ የሚገልጽ ቃል ነበር። በ1925 ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባለች የሞስኮ ሐኪም በሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የተከታተለቻቸውን የ6 ወንዶች ልጆች ጠባይ ጻፈች። ዛሬ ጽሑፏን የሚያነብ ሰው ኦቲዝም የምንለውን ሁኔታ በግልጽ ያገኘዋል። ሆኖም ሥራዋ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በምዕራቡ ዓለም ሳይታወቅ ቆየ።

በሰፊው የታወቀው ልደት የ1943ቱ ነው። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች፣ ስለ 8 ወንዶችና ስለ 3 ሴቶች፣ ዝርዝር ጥናት አወጣ። ካነር ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ የጨዋታቸው ሁኔታ ነው። ልጁ በእኩዮቹ መካከል ሳለ እንኳ ብቻውን ይጫወታል፤ ዕቃ ያሽከረክራል፣ ይደረድራል፤ የተለመደው ሥርዓት ሲዛባ ይጨነቃል። በተከታዩ ዓመት ሃንስ አስፐርገር በቪየና ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። ከዚህ በመነሣት የጨዋታ መጉደል የበሽታ ምልክት ሆኖ በመዝገብ ሰፈረ። ጨዋታ የሚታየው ልጁ የሌለው ነገር ተደርጎ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለእናቶች የጨለመ ነበር። የልጁ ብቸኝነት ከእናት ፍቅር ማጣት የመጣ ነው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ፤ ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አጠነከረው። አስተሳሰቡን በብርቱ የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ ሲሆን፣ እርሱም የሥነ ልቦና ባለሙያና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ሁኔታው ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ መሆኑን ተከራከረ። በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናት ደግሞ የዘር ውርስን ድርሻ አሳየ። በዚህም እናቶች ከክሱ ቀስ በቀስ ነጻ ወጡ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ቆም ብለው እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። እናትን በልጇ ሁኔታ መወንጀል የ«ኋላ ቀር» ማኅበረሰብ ጠባይ ብቻ አይደለም። እኛ «እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው» ባልንበት ዘመን የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንትም «ቀዝቃዛ እናት ናት» ይሉ ነበር። ቃሉ ይለያያል እንጂ ጣቱ የተቀሰረው ወደ አንድ ሰው ነው።

፪. ከጠረጴዛ ወደ ክብ

በ1979 ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ በለንደን ካምበርዌል ሰፈር ባደረጉት ጥናት ጉዳዩ ሰፋ። ዊንግ ራሷ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ነበረች። ሁለቱ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ከሰው ይሸሻሉ፤ አንዳንዶቹ የቀረባቸውን ይቀበላሉ እንጂ ራሳቸው አይቀርቡም፤ ሌሎቹ ደግሞ ይቀርባሉ፣ አቀራረባቸው ግን ለሌላው እንግዳ ይሆንበታል። ይህ ልዩነት ለጨዋታ ትልቅ ትርጉም አለው። ሁለተኛው ዓይነት ልጅ የሚያስፈልገው የሚጠራው ሰው ነው። የመርሳው ልጅም ምናልባት እንዲህ ያለ ነበር።

በዚያው ዘመን የሥልጠናው ዋና መድረክ ጠረጴዛ ነበር። በሎስ አንጀለስ ኢቫር ሎቫስ በ1987 ይፋ ያደረገው ሥራ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት የሚደርስ፣ አንድ አሠልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር የሚቀመጥበት ሥልጠና ነው። ትእዛዝ፣ ምላሽ፣ ሽልማት። ለብዙ ልጆች ቃልንና ተግባርን ለማስተማር በር ከፍቷል፤ ብዙ ክርክርም አስነሥቷል። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። በጠረጴዛ ላይ ተራ መጠበቅን የተማረ ልጅ ሜዳ ላይ ሲወርድ ማን ተራ ይሰጠዋል?

የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከኦቲዝም ጥናት ውጭ ከነበረ የቆየ ሐሳብ ነው። ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 ሌኒንግራድ ላይ ባቀረበው ገለጻ ጨዋታ የልጅን እድገት የሚመራ ኃይል መሆኑን አስረድቶ ነበር። ሚልድረድ ፓርተን ደግሞ በ1932 የልጆችን ጨዋታ በደረጃ ከፋፈለች፦ ብቻ መጫወት፣ ዳር ሆኖ ማየት፣ ጎን ለጎን መጫወት፣ ዕቃ እየተቀባበሉ መጫወት፣ በመጨረሻም ለአንድ ዓላማ ተባብሮ መጫወት። የዚህ ክፍፍል ጥቅም ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ «የማይጫወት» አለመሆኑን ማሳየቱ ነው። ማየትም የጨዋታ አንዱ ደረጃ ነው።

በ1990ዎቹ ፓሜላ ዎልፍበርግና አድርያና ሹለር ይህን ሐሳብ ወደ ኦቲዝም አመጡት። ባዘጋጁት የጋራ ጨዋታ ቡድን ውስጥ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ልጆች አሉ፤ ጨዋታ የሚያውቁት ከጀማሪዎቹ ይበዛሉ። አዋቂው አሠልጣኝ ሳይሆን መሪ ነው፤ መጀመሪያ ቀረብ ብሎ ያግዛል፣ ልጆቹ ሲግባቡ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይወጣል። ቡድኑ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ፣ በተመሳሳይ መክፈቻና መዝጊያ ይሰበሰባል። በ2004 ዳንኤል ለጎፍ በሌጎ መገጣጠሚያ የሠራው ዘዴም ተቀራራቢ ነው። አንዱ ልጅ ንድፉን ያነባል፣ አንዱ ቁራጩን ያቀብላል፣ አንዱ ይገጥማል። አንዱ ያለ ሌላው መሥራት ስለማይችል መነጋገር ግድ ይሆናል።

ወሳኝ የምለው ማስረጃ ግን የ2012ቱ ነው። ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ በመደበኛ ትምህርት ቤት የሚማሩ 60 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችን አጠኑ። ለአንዳንዶቹ ልጆች ክህሎቱን ለራሳቸው በግል አስተማሩ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ልጁን ሳይሆን የክፍል ጓደኞቹን አስተማሩ። ልጁ በክፍሉ የጓደኝነት መረብ ውስጥ ያለው ቦታ ይበልጥ የተሻሻለው ጓደኞቹ በሠለጠኑበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ዴሚያን ሚልተን የተባለ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ምሁር፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ሲል ጻፈ። ልጁ እኛን እንደማይረዳ ሁሉ እኛም እርሱን አንረዳውም።

እንግዲህ የሐሳቡ ጉዞ ይህ ነው። በ1943 ጉድለቱ በልጁ ላይ ነበር። በ2012 ግን ጥያቄው ወደ ክቡ ዞረ።

ሚዛን ለመጠበቅ አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ በ2012 በብሪያን ራይኮውና በባልደረቦቹ የወጣ የግምገማ ጥናት ስለ ማኅበራዊ ክህሎት ቡድኖች መስፈርቱን የሚያሟሉ ያገኛቸው ሙከራዎች 5፣ ተሳታፊዎቹም 196 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የተጠኑት ልጆች በአብዛኛው መካከለኛና ከዚያ በላይ የአእምሮ ችሎታ ያላቸው ናቸው። ቃል የማይናገር ልጅ ያላት የሀብሩ እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ ልጇን አታገኘውም። ስለዚህ የቡድን ጨዋታ ይፈውሳል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት። ኦቲዝም የሚድን በሽታ አይደለም፤ ሊሰፋ የሚችለው የልጁ የመኖሪያ ቦታ ነው።

፫. በአገራችን

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ታሪክ በአደባባይ የተጀመረው በአንዲት እናት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ባለሙያ ነበሩ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲንከራተት የሚቀበለው አጡ። በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ከፈቱ። ማዕከሉ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ» የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም ቀርጸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ልጃቸውን ይዘው ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለታቸው የብዙ ጓዳ በር ከፈተ። ከእርሳቸው በኋላ ወይዘሮ ራሔል አባይነህ ከሌሎች ወላጆች ጋር ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ልብ በሉ፤ ሪምላንድ አባት፣ ዊንግ እናት፣ ዘሚና ራሔልም እናቶች። በዚህ ታሪክ ውስጥ በሩን ሲከፍት የምናገኘው ብዙ ጊዜ ወላጅ ነው።

ሁለቱም ማዕከላት ያሉት አዲስ አበባ ነው። በ2016 በአዲስ አበባ ክሊኒኮች በ102 አሳዳጊዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ወላጆቹ ለልጃቸው ሁኔታ የሕክምናም የመንፈስም ምክንያት ይሰጡ ነበር፤ እጅግ የጎደለን ብለው ያነሡት ደግሞ ተገቢ ትምህርት ነው። ዋና ከተማው እንዲህ ከሆነ መርሳን መገመት አያዳግትም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከተሞከሩት አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች የተዘጋጀ ሲሆን 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሊመራው ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከአገራችን ሁኔታ ጋር አስማምተው ሞክረውታል። የሥልጠናው እምብርት ጨዋታና የዕለት ተዕለት የቤት ሥራ ነው፤ አሳዳጊው ልጁ የሚወደውን ተከትሎ እንዲገባ ይማራል። ቆርኪ ከወደደ በቆርኪው በኩል ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ከእኛ ባህል ጋር ሲገናኝ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በወሎ ገጠር አባት መሬት ላይ ተቀምጦ ከልጁ ጋር ሲጫወት ማየት የተለመደ አይደለም። ይህ ግን ልጆች አይጫወቱም ማለት አይደለም። ጨዋታ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ የልጆች የራሳቸው ትምህርት ቤት ነው፤ ሕፃን አዝላ የምትጫወት ታላቅ እህት ርእሰ መምህሯ ናት። ዎልፍበርግ በጥናት ያደራጀችው «የሚያውቅ ተጫዋች» በእኛ ሜዳ ጥንትም አለ።

፬. የራሳችን ጨዋታዎች

እስኪ የመርሳን ጨዋታዎች በዚህ ዓይን እንያቸው። «ሰኞ ማክሰኞ» ሲጫወቱ ሣጥኑ በመሬት ላይ ተሥሏል፤ የት እንደሚረገጥ ይታያል፣ ተራው ማን ላይ እንዳለ ጠጠሩ ይናገራል። ቃል አይፈልግም። ፓርተን ጎን ለጎን መጫወት ላለችው ደረጃ የተመቸ ነው። ገበጣ የሁለት ሰው ነው፤ መቁጠርና መደርደር ለሚወድ ልጅ በፍቅሩ በኩል ሌላ ሰው ያስገባበታል። በ«አኩኩሉ» ፈላጊው እንደ ዶሮ ይጮኻል፣ የተደበቁት መንጋቱን ወይም አለመንጋቱን ይመልሳሉ። ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ቃል ፈልጎ ማግኘት የሚከብደው ልጅ የተዘጋጀ ቃል አለው። «መሐረቤን ያያችሁ» ደግሞ ቦታን፣ ተራንና ሌላውን መከታተልን በአንድ ላይ ይይዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ዕቃ ዕቃ ነው። ጭቃው እንጀራ ነው፣ አንቺ እናት ነሽ፣ አሁን እንግዳ መጥቷል ሲባል ሕጉ በየደቂቃው ይለወጣል፤ ያልተነገረውን መገመት ይጠይቃል። የገና ጨዋታም በግፊያውና በጩኸቱ ምክንያት ድምፅና ንክኪ ለሚያውከው ልጅ ስቃይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከልጆች ጋር ቀላቅሉት» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። በየትኛው ጨዋታ? ከነማን ጋር? ትከሻውን ማን ይነካዋል? ሲደክመውስ ወደ ዳር ወጥቶ እንዲያይ ይፈቀድለታል?

እነዚህን ጥያቄዎች ለነገ የማናሳድርበት ምክንያት አለን። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያም መርሳም በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቤተሰብ ተበተነ፣ መንገድ ለመንገድ ተሰደደ። ለማንኛውም ልጅ ከባድ ነው። የለመደው ሥርዓት ሲዛባ ዓለም የምትፈርስበት ልጅ ግን በጩኸቱ ምክንያት ቤተሰቡ መደበቂያ ያጣበት፣ ለምን እንደሚሮጥ ማንም ሊያስረዳው ያልቻለበት ጊዜ ነበር። የዚያን ዘመን ታሪክ የምትጽፉ ተማሪዎች ይህን ልጅ በሪፖርትና በመዝገብ አታገኙትም። የምታገኙት እናቱን ስትጠይቁ ነው።

በመጨረሻ ከዚህ አዳራሽ ይዘን እንድንወጣ የምፈልገው ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው የምርምር ነው። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ያሉ የልጆች ጨዋታዎች ከነሕጋቸው ይመዝገቡ፤ ተጫዋቹ ስንት ነው፣ ተራው በምን ይታወቃል፣ ቃሉ የተወሰነ ነው ወይስ የሚፈለሰፍ፣ የተሸነፈ ምን ይሆናል የሚለው ተለይቶ ይጻፍ። ይህን የታሪክና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተማሪዎች አብረው ሊሠሩት ይችላሉ። ሁለተኛው የተግባር ነው። መምህር የሆናችሁ ወይም የምትሆኑ፣ በክፍላችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ሲኖር ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ልጆች መርጣችሁ አስተምሯቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጨዋታ ጀምሩ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ መሐረብ ይበቃል።

አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ግን አደራ። የመርሳው ልጅ ክብ የተዘጋው እህቱ ብቻዋን ታውቀው የነበረውን ለሌላ ሳታስተላልፍ ስለሄደች ነው። ጥፋቱም የእርሷ አይደለም፤ የጠየቃት አልነበረም። ከጎኑ የተቀመጥነው ልጆች ትከሻውን እንዴት እንደምትነካው በየቀኑ እናይ ነበር፤ ተነሥተን ማድረግ ግን አልተማርንም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ወላጆች ቅድሚያ ይሰጣቸው።